የአትላንታን መልክ የሠራው ቢሮ

ክላርክስተን ወይም ተከር የሚኖር ሐበሻ ወደ አትላንታ መሃል ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ሀይዌይ ነው የሚይዘው። እኔ ጊዜ ካለኝ ፖንስ ደ ሊዮን ጎዳናን እመርጣለሁ። ዲኬተርን አልፋችሁ ድሩይድ ሂልስ ስትገቡ ከተማው መልኩን ይቀይራል። ዛፎቹ ይበዛሉ፣ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል፣ ቤቶቹም ከመንገድ ራቅ ብለው ሣር ላይ ተደላድለው ይታያሉ። ቀይ ጡብ፣ ነጭ መስኮት፣ በሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዓምድ። ምንም የተለየ ነገር የለባቸውም። ግን ዓይን ይይዛሉ። እዚያው ሰፈር ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራና በስፋት ሦስት እጥፍ የሚሆን ቤት አለ፣ እሱን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ለእኔ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አዲስ አበባ እያለሁ ድራፍቲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ንድፍ መሣል፣ ነው የተማርኩት። ኮምፒውተሩ ሁሉን ነገር ከመውሰዱ በፊት፣ በትሬሲንግ ፔፐርና ራፒዶግራፍ በሚባል ቀጭን የቀለም ብዕር፣ ጎንበስ ብለን ነበር የምንሥለው። ያ ትምህርት እዚህ አገር እንጀራ አልሆነኝም፤ ዓይኔን ግን አልተወኝም። እና እነዚህን ቤቶች ማን እንደሠራቸው ስከታተል ደጋግሜ የምደርሰው አንድ ቢሮ ላይ ነው፤ ሄንዝ፣ ሪድ እና አድለር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1909 ነው። ያኔ አትላንታ ገና ወጣት ከተማ ናት። በእርስ በርስ ጦርነቱ በ1864 ተቃጥላ እንደገና የተሠራች፣ በባቡርና በጥጥ ንግድ ያደገች፣ ቶሎ ሀብታም መሆን የፈለገች ከተማ። ጎትፍሪድ ኖርማን የሚባል የስዊድን ተወላጅ አርክቴክት እዚያ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራ ነበር። በደቡቡ ትልቅ ስም ነበረው። ሆቴል ሠርቷል፣ ኮሌጅ ሠርቷል፣ የባለጸጋ ቤት ሠርቷል። በ1909 ሁለት ወጣቶች ሸሪክ ሆነው አብረውት ገቡ፤ ሃል ሄንዝ እና ኒል ሪድ። የቢሮው ስም ኖርማን፣ ሄንዝ እና ሪድ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ኖርማን የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ሁለቱ ወጣቶች በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የቢሮ ባለቤት ሆነው ቀሩ።

ኖርማንን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሪድ የተወለደው በ1885 አላባማ ውስጥ ጃክሰንቪል ነው፤ ያደገው ግን ሜከን፣ ጆርጂያ። ገና ልጅ ሳለ እዚያው ሜከን ከአንድ አርክቴክት ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፣ ከዚያ ወደ አትላንታ መጣ። ከሄንዝ ጋር የተገናኙት አትላንታ ውስጥ አንድ ቢሮ ሲሠሩ ነው። ሁለቱም ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሩ፣ ከዚያም ተያይዘው ፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ታላቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወደ ኤኮል ዴ ቦዛር ሄዱ። የዚያን ዘመን አሜሪካዊ አርክቴክት ራሱን አርክቴክት ለማለት ፓሪስን ማየት ነበረበት። እዚያ የሚያስተምሩት የጥንት ሮማንና የህዳሴ ዘመን ጣሊያንን ሕንፃ ነው። ተማሪው ዓምዱን ይለካል፣ ቅስቱን ይለካል፣ ደጋግሞ ይሥላል፣ እጁ እስኪያውቀው ድረስ።

ይህ ስልት ክላሲካል ይባላል፤ ክላሲካል ሲባል ብዙ ሰው ትልቅ ዓምድ ብቻ ነው የሚመስለው። ዓምድ ማቆም ግን ማንም ይችላል፤ ዛሬም ጆርጂያ ውስጥ ባዶ የፕላስቲክ ዓምድ ያልቆመለት ሰፈር የለም። ቁም ነገሩ መጠኑ ነው። የመስኮቱ ቁመት ከወርዱ ጋር ያለው ዝምድና፣ በመስኮትና በመስኮት መካከል የሚቀረው ግድግዳ፣ የላይኛው ፎቅ መስኮት ከታችኛው በምን ያህል ማነስ እንዳለበት፣ የጣሪያው ጠርዝ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የሚጥለው ጥላ። የዓምዱ ውፍረት ራሱ ለሕንፃው በሙሉ መለኪያ ይሆናል፤ የበሩ ስፋት፣ የደረጃው፣ የክፍሉ ከፍታ ከእሱ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ስትነካው ሌላው ይናጋል። ሪድ ይህን የሚያውቀው በስሌት ብቻ አልነበረም። ቤቱ መሬቱ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ከበሩ ስትገቡ ዓይናችሁ በኮሪደሩ አልፎ የጓሮውን አትክልት እንዴት እንደሚያገኝ ያስብ ነበር። ከየመጽሔቱ የቆረጣቸውን ሥዕሎች የሚለጥፍባቸው ደብተሮች ነበሩት፤ እነሱና መጻሕፍቱ ዛሬ ጆርጂያ ቴክ ነው ያሉት። አንድ ቤት ሲጀምር ከባዶ አልነበረም የሚጀምረው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር አንድ ሰው በር እንዴት እንደሠራ አይቷል፣ ጣሊያን ገጠር ውስጥ አጥር እንዴት እንደተገነባ አይቷል። ከዚያ ለጆርጂያ ሙቀት፣ ለጆርጂያ ቀይ አፈር፣ ለጆርጂያ ጡብ ያመቻቸዋል።

የማደንቀው ይህን ነው። መነሻው የሰው አገር ነው፣ ግን ተርጉሞ አላመጣውም፤ አገር ሰጠው።

አሁን ወደ ሄንዝ ልምጣ፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ጥቂት ስለሆነ። ሄንዝም አርክቴክት ነው፣ ከሪድ ጋር ፓሪስ ድረስ ሄዷል። ቢሮው ውስጥ ግን ቦታው ሌላ ነበር። ደንበኛ ያመጣል፣ ውል ይይዛል፣ ሒሳብ ይመለከታል፣ የተቆጣ ባለ ቤትን ያበርዳል። ሪድ ሳይረበሽ እንዲነድፍ ሄንዝ ንድፉን ለእሱ ትቶ ነው የኖረው። ሩዶልፍ አድለር በ1913 ሦስተኛ ሸሪክ ሆኖ ሲገባ ደግሞ ቢሮው ሙሉ ሆነ። ስቱዲዮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጥሩ የሚሥል ሰው ብቻውን ቢሮ አያቆምም። አዲስ አበባም እዚህም፣ እጃቸው ተአምር የሚሠራ ልጆች ደንበኛ መያዝ የሚያውቅ አንድ ሰው አጥተው ተበትነው አይቻለሁ። የሄንዝ ቢሮ ከ1909 እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ ሁለት የዓለም ጦርነትና አንድ ከባድ የኢኮኖሚ ውድቀት አልፎ የቆየው በሪድ ዓምዶች ብቻ አይደለም።

ከሪድ ሥራዎች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ላግሬንጅ የሚገኘውን ሂልስ ኤንድ ዴልስ እመርጣለሁ። ከአትላንታ ወደ ደቡብ ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቦታው ላይ ከቤቱ በፊት አትክልቱ ነበር። ሳራ ኮልማን ፌሬል የምትባል ሴት ከ1841 ጀምራ ኮረብታው ላይ እርከን እያወጣች፣ ቦክስውድ የሚባለውን ዘወትር አረንጓዴ ቁጥቋጦ እየተከለች፣ ዕድሜዋን በሙሉ ስትንከባከበው የኖረች የአትክልት ቦታ ነው። እሷ በ1903 ሞተች። ከዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ፉለር ካላዌይ ገዛው። ገንዘቡ ስላለው አትክልቱን ነቅሎ የፈለገውን ቤተ መንግሥት መገንባት ይችል ነበር። ሪድ የነደፈለት ቤት፣ በ1916 ያለቀው፣ ለአትክልቱ የተገዛ ቤት ነው። የጣሊያን ቪላ መልክ አለው፣ ክብ በረንዳው በትላልቅ ዓምዶች ተይዟል፣ እርከኖቹም ከቤቱ ሥር ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ። ከታች ሆናችሁ ቀና ብትሉ ቤቱና ተክሉ በአንድ ቀን የታሰቡ ይመስላችኋል፤ በመካከላቸው ግን 75 ዓመት አለ። አንድ የሠላሳ ዓመት ወጣት ከእሱ በፊት የነበረችን ሴት ሥራ እንዲህ ሲያከብር ማየት ደስ ይላል። ከ2004 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው።

ሁለተኛው የምወደው በጣም ትንሽ ነው። ፒችትሪ ጎዳና ላይ፣ ሀይዌዩ አጠገብ ያለው የባቡር ጣቢያ። ዛሬም አምትራክ የሚቆምበት እሱ ነው፤ ከኒው ዮርክ ኒው ኦርሊንስ የሚሄደው ክሬሰንት የሚባለው ባቡር ተሳፋሪ የሚያነሳው እዚያ ነው። በ1918 ሲሠራ ለከተማው ዳር ሰፈሮች የታሰበ ትንሽ ማረፊያ እንጂ ዋና ጣቢያ አልነበረም። ዋናዎቹ መሃል ከተማ ነበሩ፤ በ1905 የተከፈተው ተርሚናል ስቴሽን እና፣ ኋላ በ1930፣ የተከፈተው ዩኒየን ስቴሽን። ሁለቱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈረሱ። ስለዚህ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ዛሬ የምትጠቀመው ያንን የዳር ማረፊያ ነው። ጠባብ ነው፣ ፓርኪንግ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰው ያማርራል። ግን ቆም ብላችሁ ቅስቶቹን እዩአቸው። የቤት ያህል ትንሽ የሆነን ነገር እንዴት አድርገው ክብር እንዳለበሱት እዩ። ያንኑ ጣቢያ ስታዩ ሌላም ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1918 ጆርጂያ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተሳፋሪ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ባቡር አይጠብቅም፤ ሕጉ አይፈቅድም። እንደ እኔ ያለ ሰው ያንን ቅስት ማየት የሚችለው ለእሱ በተለየው በር ገብቶ ነበር። ስለ መጠንና ስለ ውበት ስጽፍ ይህን መዝለል አልችልም።

ሪድ ሮዝዌል ውስጥ ሚሞሳ ሆል የሚባል፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት የተሠራ ባለ ትልልቅ ዓምድ ቤት በ1916 ገዝቶ እዚያ ይኖር ነበር። በአንጎል ዕጢ ታሞ በየካቲት 1926 እዚያው ሞተ። ዕድሜው ገና 40 ነበር።

ብዙ ቢሮ እዚህ ላይ ያበቃል። ዋናው እጅ ሲሞት ስሙ ለጥቂት ዓመት ይንከላወስና ይጠፋል። ይኸኛው ግን ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ነበር። ፊሊፕ ትራመል ሹትዚ፣ በ1890 ኮሎምበስ፣ ጆርጂያ የተወለደ። ጆርጂያ ቴክ የኪነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል የከፈተው በ1908 ነው፤ ሹትዚ በ1912 ከተመረቁት መጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነው። ገና ተማሪ እያለ እነ ሪድ ቢሮ ይሠራ ነበር። ከዚያ ኮሎምቢያ ሄደ፣ በ1915 ደግሞ ሮም ውስጥ ያለው የአሜሪካ አካዳሚ የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት አሸንፎ ወደ ሮም አቀና። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መሃል ገባ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከቀይ መስቀል ጋር አገለገለ። የተመለሰው በ1920 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሮምን በካሜራና በሜትር ሲዞራት ነው የኖረው። ቤተ መንግሥቱን ብቻ አልነበረም የሚለካው፤ የገጠር ቪላ፣ የአትክልት ፏፏቴ፣ የአጥር በር ጭምር።

ያ ሁሉ ልኬት አትላንታ ላይ ወጣ። በ1923 ያለቀውና ሰዎች ፒንክ ፓላስ የሚሉት የካልሁን ቤት ከቬሮና አቅራቢያ ካለ ቪላ የተወለደ ነው። በ1927 ሹትዚ ሸሪክ ሆነና የቢሮው ስም ሄንዝ፣ አድለር እና ሹትዚ ተባለ። በ1928 ደግሞ ስዋን ሃውስ ተጠናቀቀ።

ስዋን ሃውስን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የአትላንታ ታሪክ ማዕከል ግቢ ውስጥ ነው፤ የሐበሻ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ቢመኙት አይገርመኝም። የተሠራው በጥጥ ንግድ ለከበሩት ለኤድዋርድና ለኤሚሊ ኢንማን ነው። ከመንገዱ ስታዩት ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው፣ ከሥሩ ውኃው ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እየፈሰሰ ይወርዳል፣ ደረጃውም ግራና ቀኝ አጅቦት ይወጣል። ይህ ፏፏቴ ሮም ከሚገኘው ከኮርሲኒ ቤተ መንግሥት አትክልት የመጣ ሐሳብ ነው። ፊቱ ጌጥ የሚበዛበት የጣሊያን ባሮክ ስልት ነው። ግን መኪና የሚገባው በዚያ በኩል አይደለም። ዞራችሁ በሌላው በኩል ስትመጡ የምታገኙት ሌላ ቤት ነው፤ የረጋ፣ በዓምዶች የተያዘ በረንዳ ያለው፣ ወደ እንግሊዝ የገጠር መኳንንት ቤት የሚያደላ። አንድ ቤት ሁለት ጠባይ አለው፤ አንደኛው ለሚያልፍ፣ አንደኛው ለሚገባ። ከበሩ ስትገቡ ጥቁርና ነጭ እብነ በረድ ወለል፣ ከዚያም ምንም የደገፈው ሳይመስል እየዞረ የሚወጣ ደረጃ። እኔ ያን ደረጃ ሥር ቆሜ ስንት ሰው ሥዕሉ ላይ እንደለፋ ነው የማስበው። ክብ ደረጃ በእጅ መሣል ፈተና ነው። እያንዳንዱ እርከን የሰፋውም የጠበበውም ጫፉ መስማማት አለበት፣ እግር መሃል ላይ ሲያርፍ ስፋቱ እኩል መሆን አለበት። አንድ ድራፍትስማን ስንት ሌሊት እንዳደረበት መገመት አያቅተኝም።

ኤድዋርድ ኢንማን ቤቱ ባለቀ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1931 ሞተ። ኤሚሊ እስከ 1965 እዚያው ኖረች፣ በቀጣዩ ዓመት የአትላንታ ታሪክ ማኅበር ገዛው። ያ ባይሆን ኖሮ ቤቱ ያለበት የሀብታሞች ሰፈር የባክሄድ መሬት ዋጋ ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ።

በ1931 ቢሮው ሁለት የጸሎት ቤት አጠናቀቀ። አንደኛው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ ያለው ግሌን መታሰቢያ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው ፒችትሪ ላይ ያለው፣ በአጭሩ ዘ ቴምፕል የሚሉት ምኩራብ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቡ የቢሮውን አቅም ትረዳላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ያለ ማማ ያለው ነው፤ ምኩራቡ ጉልላት አለው፣ ፊቱ ላይ ዓምድ ቆሟል፣ ውስጡ ደግሞ የሰው ምስል ሳይገባበት በአይሁድ ምልክቶች ያጌጠ ነው። ቋንቋው ያው የሮም ቋንቋ ሆኖ ሁለት የተለያየ ጸሎት ይጸለይበታል።

ጥቅምት 12 ቀን 1958፣ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ ዘረኞች ምኩራቡ ላይ ቦምብ አፈነዱ። ረቢው ጃኮብ ሮትሽልድ የዘር መድልዎን በይፋ ይቃወም ስለነበር ነው። 50 ያህል የዲናሚት ዘንግ ነበር ይባላል። ግድግዳው ተደረመሰ፣ መስኮቶች ረገፉ፤ ሰው ግን አልሞተም፣ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ የሰንበት ትምህርት ልጆች ይሞሉት ነበር። አምስት ሰዎች ተከሰሱ፣ የተፈረደበት የለም። ሕንፃው ተጠግኖ ዛሬም ያገለግላል። ከመንገድ ስታዩት ይህ ሁሉ እንደደረሰበት አታውቁም።

የቢሮውን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን ከእሱ የወጡት ልጆች ናቸው። አይቪ እና ክሩክ፣ በ1923 የራሳቸውን ቢሮ የከፈቱት፣ ሁለቱም እነ ሪድ ጋር ነው የሠሩት። ጄምስ ሚንስ ልጅ ሆኖ ተላላኪ ሆኖ ነው የገባው፤ ወረቀት ሲያቀብል፣ እርሳስ ሲቀርጽ አየ፣ ድራፍትስማን ሆነ፣ ዕድሜውን በሙሉ ክላሲካል ቤት ሲነድፍ ኖረ። ኤድዋርድ ቬሰን ጆንስ ከኦልባኒ፣ ጆርጂያ፣ በ1930ዎቹ እዚያ ሠርቷል። በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን የእንግዳ መቀበያ አዳራሾች ንድፍ ከሠሩት አንዱ እሱ ነው፤ ዋይት ሐውስ ውስጥም ክፍሎች አድሷል። የዓለም መሪዎች የሚስተናገዱባቸው አዳራሾች አትላንታ ውስጥ ካለ አንድ የሥዕል ጠረጴዛ ጋር ዝምድና አላቸው ማለት ነው። ትምህርቱ በመጽሐፍ አይደለም የሄደው። አንዱ ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ቆሞ እያየ ነው የተማረው። እኛ አገር ድጓ ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ እንደሚቀጸለው።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መቆም ያልቻሉም ነበሩ። ጡቡን የደረደረ፣ ልስኑን የለሰነ፣ አትክልቱን የኮተኮተ ሠራተኛ ብዙው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ወደ ሥዕል ክፍሉ ግን አይገባም፣ እነዚያ ሰፈሮች ውስጥም ቤት መግዛት አይችልም። ቢሮው የተከፈተው በ1906 ነጮች በአትላንታ ጥቁሮች ላይ ጭፍጨፋ በፈጸሙ በሦስተኛው ዓመት ነው። ይህን እያወቅሁ ቤቶቹን እወዳቸዋለሁ። ሁለቱን ማስታረቅ አልፈልግም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ደግሞ ክላሲካል የነጮች ብቻ ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለውን የሄርንደን ቤት ይይ። በ1910 ነው የተሠራው፤ ቢሮው ገና ዓመት ሲሞላው ማለት ነው። አሎንዞ ሄርንደን በ1858 በባርነት ነው የተወለደው። ፀጉር ቆራጭ ሆነ፣ ፀጉር ቤቶቹ ታወቁ፣ በ1905 የኢንሹራንስ ኩባንያ መሠረተ፤ ኩባንያው ኋላ አትላንታ ላይፍ ተባለ። ቤቱን የነደፈችው ሚስቱ አድሪየን ናት። አድሪየን አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተውኔትና የንግግር ጥበብ አስተማሪ ነበረች። ገንቢዎቹም ጥቁር የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ፊቱ ላይ ረጃጅም ዓምዶች፣ ከላይ ሰገነት፣ ውስጡ ያማረ እንጨት። አድሪየን ቤቱ እንዳለቀ በዚያው ዓመት ሞተች። ማንም ፓሪስ ያልላካት፣ ማንም ቢሮ ያልከፈተላት ሴት ናት፤ ቤቷ ግን ከሪድ የመጀመሪያ ሥራዎች ጎን ቢቆም አያፍርም። ለምን ስሟ የአትላንታ አርክቴክቶች ሲቆጠሩ እንደማይነሳ አልገባኝም።

እዚህ ላይ ነው ኖርማን የሚመለሰው። አድሪየን ያስተማረችበት አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከሄርንደን ቤት በእግር ትንሽ መንገድ ላይ፣ በ1882 የተሠራ ባለ ሰዓት ማማ የጡብ ሕንፃ አለ። ስቶን ሆል ይባል ነበር፤ አሁን ፋውንቴን ሆል ነው። የነደፈው ጎትፍሪድ ኖርማን ነው። ለጥቁር ተማሪዎች የተሠራ ሕንፃ። ታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁርና የመብት ታጋይ ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ አትላንታ ሲያስተምር ቢሮው እዚያ ነበር።

በዚህ ከተማ ቤት ሻጭ ደላሎች አንድ ልማድ አላቸው። ጡብ ያለበት፣ የተመጠነ የድሮ ቤት ሲያገኙ የኒል ሪድ ቤት ነው ይላሉ፤ ዋጋው ይጨምራላ። ሪድ የሠራው ከ17 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ የእሱ ነው የሚባለውን ሁሉ ሊሠራ አይችልም። ብዙዎቹ የቢሮው ልጆች፣ የተፎካካሪዎቹ፣ ወይም ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸው ሰዎች ሥራ ናቸው። እኔ ይህ ያናድደኛል። አንድ ስም ሁሉን ሲጠቀልል ሄንዝም ይጠፋል፣ አድለርም ይጠፋል፣ ደረጃውን የሣለው ልጅማ ከነጭራሹ አልነበረም።

ማብቂያው እንደሚጠበቀው ነው። ሄንዝ በ1944 ጡረታ ወጣ፣ አድለር በዓመቱ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ሁሉም መስታወትና ኮንክሪት ፈለገ። ሹትዚ ግን አልተለወጠም። ለረጅም ጊዜ ዘመኑ ያለፈበት ሰው ተብሎ ኖረ፤ ዕድሜ ሰጥቶት ሰዎች ዞረው ሲመጡለት አየ። በ1982 ክላሲካል ኪነ ሕንፃን ከሚደግፉ ወገኖች ትልቅ ሽልማት ተሰጠው፣ በዚያው ዓመት በ92 ዓመቱ አረፈ። ሲሰበስብ የኖረውን የሸክላና የጌጥ ዕቃ ለታሪክ ማኅበሩ ተወለት።

ፒያሳ ያደገ ሰው ስለ አሮጌ ሕንፃ ሲጽፍ ልቡ የት እንደሚሄድ ልነግራችሁ አያስፈልግም። በ2024 ከፈረሰው ውስጥ ማን እንደነደፈው፣ ማን እንደገነባው ተጽፎ የተቀመጠ ምን ያህል ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እዚህ ቢያንስ የእነ ሹትዚ ሥዕልና ፎቶ በመዝገብ ቤት አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ስዋን ሃውስ ደህና ነው፣ ጠባቂ አለው፣ ጎብኚ አለው። ሂልስ ኤንድ ዴልስም እንደዚያው። አሳሳቢው ፋውንቴን ሆል ነው። ግቢውን የያዘው ሞሪስ ብራውን ኮሌጅ በ2002 ዕውቅናውን ካጣ በኋላ ሕንፃው ለዓመታት ባዶውን ቆሞ ተጎዳ፤ ኮሌጁ ዕውቅናውን መልሶ ያገኘው በ2022 ነው። አትላንታ ውስጥ ኮንስትራክሽን ላይ ያላችሁ ሐበሾች ብዙ ናችሁ፤ ጣሪያ የምትሠሩ፣ ጡብ የምትጠግኑ፣ ፈቃድ ያላችሁ። ኮሌጁ ለጥገና እርዳታም ባለሙያም ይፈልጋል። የሄርንደን ቤትም እዚያው አጠገብ ስለሆነ በአንድ መንገድ ሁለቱን ታያላችሁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የሚከፈትበትን ቀን ደውላችሁ ጠይቁ።